ለፒያኖ ወጥታ በዘፈን የቀረችው ልጅ

ፈተና ወድቆ የመጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ለተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ስሙን ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ያጣ ልጅ መጀመሪያ ዓይኑን፥ ቀጥሎ ወረቀቱን፥ በመጨረሻም ፈታኞቹን ይጠራጠራል። አንዳንዱ በዓመቱ ተመልሶ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ወደ ሌላ ሥራ ገብቶ ነገሩን ይረሳዋል። ዛሬ ታሪኳን የምናወራላችሁ ሴት ግን ከሁለቱም ወገን አልሆነችም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ የወደቀችውን ፈተና እስከ ሰባ ዓመቷ ድረስ አልረሳችውም፤ ዓለም ያወቃትም ያንን ፈተና በመውደቋ ምክንያት በገባችበትና እሷ ራሷ ባልመረጠችው ሥራ ነው።

ስሟ ኒና ሲሞን ይባላል። የጃዝ ዘፋኝ፥ የዘፈን ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ይህ ስም ግን እናትና አባቷ ያወጡላት አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ በቦታው እንደርስበታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

የሐዲዱ ማዶ

ዩኒስ ካትሊን ዌይመን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1933 በአሜሪካ አገር፥ በሰሜን ካሮላይና፥ ትራዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ከስምንት ልጆች ስድስተኛዋ ነበረች። ጊዜው በአሜሪካ ሥራ የጠፋበትና ባንኮች የተዘጉበት ክፉ ዘመን ስለ ነበረ፥ አባቷ አቶ ጆን ዌይመን ያልሞከሩት ሙያ አልነበረም፤ ፀጉር ያስተካክላሉ፥ ልብስ ያጥባሉ፥ የተገኘውን ሁሉ ይሠራሉ። እናቷ ወይዘሮ ሜሪ ኬት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ ስብከት እንጀራ ስለማይሆን ግን በነጮች ቤት ተቀጥረው ያገለግሉ ነበር።

ልጅቱ ገና በሦስት ዓመቷ ማንም ሳያስተምራት በጆሮዋ የሰማችውን መዝሙር በጣቷ እየፈለገች ታገኘው ጀመር። ስድስት ዓመት ሲሆናት በቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን በፒያኖ የምታጅበው እሷ ሆነች። ይህን የሰሙ የእናቷ አሠሪ፥ አንዲት ነጭ ወይዘሮ፥ እንዲህ ያለ ስጦታ ያለ አስተማሪ መቅረት የለበትም ብለው የአንድ ዓመት የትምህርት ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉላት።

አስተማሪዋ ወይዘሮ ሙሪየል ማዛኖቪች የተባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ። ቤታቸው የነጮች መኖሪያ በሆነው በሐዲዱ ማዶ ስለ ነበረ፥ ዩኒስ በየሳምንቱ ሐዲዱን ተሻግራ በእግሯ ትሄድ ነበር። ሴትዮዋ ሥርዓት አጥባቂ ናቸው፤ እንዴት እንደምትቀመጥ፥ እጇን እንዴት እንደምትይዝ፥ ተጫውታ ስትጨርስ እንዴት ለተመልካች እጅ እንደምትነሣ ሁሉ አስተማሯት። ከሁሉ በላይ ግን ባኽን አስተማሯት። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረ የጀርመን የሙዚቃ ሊቅ ነው፤ በእሱ ድርሰት ውስጥ አንድም ድምፅ ያለ ምክንያት አይገባም፥ አንዱን ብታነሡት ቤቱ ሁሉ ይናጋል። ዩኒስ በኋላ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እንደ ነገረችን፥ ሕይወቷን ለሙዚቃ ለመስጠት የቈረጠችው ባኽን ባወቀች ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ሲያልቅ አስተማሪዋ ዝም ብለው አላሰናበቷትም። በከተማው ሰው ዘንድ ዞረው በዩኒስ ዌይመን ስም መዋጮ አቋቋሙ፤ ነጩም ጥቁሩም ከፈለ። ልጅቱም በበኩሏ በየጊዜው በሕዝብ ፊት እየተጫወተች ገንዘቡ ከምን እንደ ደረሰ ታሳያለች።

ከነዚህ ዝግጅቶች በአንዱ፥ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ወላጆቿ ልጃቸውን ለማየት በደንብ ለብሰው መጥተው ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። የደቡብ አሜሪካ ሕግና ልማድ ግን ጥቁር ሰው ከነጭ ፊት እንዲቀመጥ የሚፈቅድ አልነበረም። ነጭ እንግዶች ሲመጡ አባትና እናቷ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ኋላ እንዲሄዱ ተደረገ። ዩኒስ ይህን ከፒያኖው ሆና አየች። ተነሥታም፥ እናትና አባቴ እኔን ለማየት ከሚችሉበት ቦታ ካልተመለሱ አልጫወትም አለች። ወላጆቿ ወደ ፊት ተመለሱ፤ እሷም ተጫወተች።

ይህ ታሪክ ስለ እሷ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ሁሉም የልጅቱን ድፍረት ያደንቃል፥ የሚደነቅም ነው። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነገር ነው። የትምህርቷን ዋጋ ያዋጡት ሰዎችና ወላጆቿ እንዲነሡላቸው የተደረጉት ሰዎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ፥ አንዳንዶቹም ምናልባት እነዚያው ራሳቸው ነበሩ። ቸርነትና ንቀት በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ለተቀባዩ ምን ያህል ግራ እንደሚሆን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተማረችው።

ፈተናው

ከዚያ በኋላ አሽቪል በሚባለው ከተማ በሚገኘው በአለን የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በ1950 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨረሰች። ዓላማዋ የታወቀ ነበር፤ በታላላቅ አዳራሾች የባኽንና የቤቶቨንን ድርሰት የምትጫወት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት መሆን። በእውነቱ ከሆነ ሄዘል ሃሪሰን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ1904 በርሊን ላይ ከከተማው ታላቅ ኦርኬስትራ ጋር ተጫውታ ነበር፤ ዳሩ ግን የገዛ አገሯ ደጃፉን ስለዘጋባት ዝናዋ እስከ ትራዮን ሊደርስ አልቻለም። ዩኒስ ፊተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ብታስብ አይፈረድባትም።

በዚያው በ1950 በጋ በመዋጮው ገንዘብ ኒው ዮርክ ሄዳ በጁልያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረች። ይህ ግን መዘጋጃ ብቻ ነበር። ዋናው ግብ በፊላዴልፊያ የሚገኘው የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ነው። ከርቲስ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ ይቀበላል፤ የተቀበላቸውን ግን የትምህርት ዋጋ ሳያስከፍል ያስተምራል። ገንዘብ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ በር በአሜሪካ አልነበረም። ቤተሰቧም ልጃችን ማለፏ አይቀርም ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ፊላዴልፊያ ተዛወሩ።

በ1951 ጸደይ ተፈተነች። አልተቀበሏትም።

በዚያ ዓመት ካመለከቱት 72 ሰዎች ውስጥ የገቡት 3 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ዩኒስ ዌይመን ግን ያልተቀበሉኝ ጥቁር ስለ ሆንኩ ነው ብላ አመነች፤ ይህንንም እስከ ዕለተ ሞቷ አልለወጠችም። የከርቲሱ አስተማሪ ቭላዲሚር ሶኮሎፍ፥ በኋላ በግል ፒያኖ ያስተማሯት ሰው፥ ነገሩ ከቀለም ጋር ግንኙነት የለውም ብለዋል። ደግሞም ጆርጅ ዎከር የተባለ ጥቁር ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ከእሷ በፊት፥ በ1945፥ ከዚያው ተቋም ተመርቆ ነበር።

ማን ልክ እንደ ነበረ ከዚህ ሆነን ልንፈርድ አንቃጣም። አንድ ነገር ግን እናስባለን። በሐቀኛ አገር የወደቀ ተማሪ፥ ውጤቱ ቢያሳዝነውም፥ የጎደለኝ ይህ ነው ብሎ ራሱን መርምሮ ይነሣል። ወላጆቿን ከፊት ረድፍ ሲያስነሡባት ያየች ልጅ ግን ይህንን ማድረግ አትችልም። ፈታኞቹ በቅን ልቡና ፈርደው ቢሆን እንኳ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የመድልዎ ክፋት ተገቢውን በር መዝጋቱ ብቻ አይደለም፤ በሐቅ የተዘጋውንም በር ከግፍ መለየት እንዳይቻል ማድረጉ ነው።

ከርቲስ በ2003 የክብር ዲግሪ ሰጣት። ኤፕሪል 21 ቀን በፈረንሳይ አገር ስታርፍ ዲግሪው ከተሰጣት ገና ሁለት ቀኗ ነበር።

የቡና ቤቱ ትእዛዝ

ከፈተናው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ፒያኖ ትታ ነበር፤ ኋላ ግን ተመለሰችበት። ከሶኮሎፍ ዘንድ በግል ለመማር ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ በፊላዴልፊያ ለአንድ የዘፈን ማስተማሪያ ቤት ተቀጥራ ተማሪዎች ሲዘፍኑ በፒያኖ ታጅብ ጀመር። ተማሪዎቹ የሚዘፍኑት ባኽን አልነበረም፤ በየራዲዮውና በየፊልሙ የሚሰማውን ያገሩን ዘፈን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዘፈን ከመስማቷ የተነሣ ሳትፈልገው እጅግ ብዙ ዘፈን በጭንቅላቷ ተጠራቀመ። ያን ጊዜ የባከነ ጊዜ መስሏት እንደ ነበር አያጠራጥርም።

አንድ ቀን ከተማሪዎቿ አንዱ በባሕር ዳር በምትገኘው በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ፥ በአንድ ቡና ቤት፥ በሳምንት 90 ዶላር እየተከፈለው ለበጋው ፒያኖ ሊጫወት መሆኑን ነገራት። አስተማሪይቱ ከተማሪው ያነሰ ገንዘብ ታገኝ ነበርና ነገሩ ከነከናት። እሷም አፈላልጋ በ1954 በጋ ሚድታውን በሚባል ቡና ቤት ተቀጠረች።

ቦታው የሚያኮራ አልነበረም። ወለሉ ላይ የእንጨት ብናኝ የተነሰነሰበት፥ ሰካራሞች መሽቶ የሚጠለሉበት ጠባብ ቤት ነበር። ሥራው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ዩኒስ ግን ለታላቅ አዳራሽ እንደምትዘጋጅ ረዥም የማታ ልብስ ለብሳ መጣች፤ የሚጠጣ ምን ላምጣ ሲሏትም ወተት አለች። ተቀምጣም ባኽን፥ መዝሙሩን፥ ከተማሪዎቿ የሰማችውንም ዘፈን እያቀላቀለች፥ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረች ስትጫወት አደረች።

ሥራው ሲያበቃ ባለቤቱ ጠርቶ፥ ለምን አልዘፈንሽም? አላት። እኔ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ አለችው። እሱም፥ ከነገ ጀምሮ ዘፋኝ ትሆኛለሽ፤ አለዚያ ሥራ የለሽም አላት።

በማግሥቱ ዘፈነች። እንግዲህ ከዚያ በፊት ለመዘመር ካልሆነ በስተቀር ድምፅዋን ለሙያ አስባው አታውቅም። የዘፈን ትምህርት አልነበራትም። ድምፅዋ ወፍራምና ዝቅ ያለ፥ ለሴት የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ ያወቀችውን አደረገች፤ ድምፅዋን በፒያኖው ላይ እንደ ተጨመረ ሦስተኛ እጅ ቈጠረችው። ግራው አንድ ነገር ይላል፥ ቀኙ ይመልስለታል፥ ድምፅዋ በመካከል ይገባል። በጃዝ ዓለም ያን ጊዜ ብዙ ታላላቅ ሴት ዘፋኞች ነበሩ፤ ዘፈኑን በዚህ ዓይነት እንደ ቤት ሠሪ ከመሠረቱ የሚገነባ ግን አልተለመደም ነበር።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። የሰባኪ ልጅ በቡና ቤት ስትዘፍን ከተሰማ ለእናቷ ኀፍረት ነው። በዚያ ቤት መዝሙር የእግዚአብሔር፥ ዘፈን የሰይጣን ነው። ሴት ልጁ አዝማሪ ሆነች ከሚባል ሞቷን መስማት ይሻለኛል ሲል የነበረውን ያገራችንን አባት የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዩኒስ ስሟን ደበቀች። ኒና አንድ ወዳጇ የሚያቈላምጥበት ቃል ነበር፤ በእስፓንያ ቋንቋ ትንሽ ልጅ እንደ ማለት ነው። ሲሞን የሚለውን ደግሞ ሲሞን ሲኞሬ ከምትባለው የፈረንሳይ የፊልም ተዋናይ ወሰደችው። እናቷ በመጨረሻ አወቁ፥ አዘኑም። ልጅቱ ግን ከቡና ቤቱ የምታገኘው ገንዘብ የባኽ ትምህርቷን የሚከፍል መሆኑን እያሰበች ቀጠለች። እንግዲህ ዩኒስ ቀን ለቀን ትማራለች፥ ኒና ሌሊት ለሌሊት ትከፍላለች ማለት ነው።

ቀስ በቀስ ቡና ቤቱ መልኩ ተለወጠ። በበጋ ዕረፍት በየሆቴሉ ተቀጥረው የሚሠሩ የኮሌጅ ተማሪዎች ወሬውን ሰምተው ይመጡ ጀመር። ሰካራም ሲንጫጫ ኒና እጇን ከፒያኖው አንሥታ ዝም እስኪሉ ትቀመጣለች፤ ዝም ያላለውን ሰው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስወጡታል። ወይዘሮ ማዛኖቪች በትራዮን ያስተማሯት የአዳራሽ ሥርዓት የእንጨት ብናኝ በተነሰነሰበት ወለል ላይ ተፈጸመ።

ሦስት ሺህ ዶላር

በ1957 ቤተልሔም የሚባለው የሸክላ ኩባንያ ሊያስቀርጻት ፈለገ። የኩባንያው ሹም ምን እንደምትዘፍን፥ ማን እንደሚያጅባት አስቀድሞ መርጦ ቢመጣ፥ እኔ የመረጥሁትን ካልሆነ አልቀርጽም አለችው። እንደ ትራዮኑ ሁሉ አሁንም አሸነፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ጂሚ ቦንድ በባስ፥ አልበርት ሂዝ በከበሮ ተቀምጠው፥ በቡና ቤት ስትጫወተው የኖረችውን ዘፈን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አስቀረጸች።

ይህ ሸክላ ሊትል ገርል ብሉ ይባላል። ዛሬም ያገኘ ሰው ጊዜ ወስዶ እንዲያዳምጠው እንመክራለን፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ነው ቢባል የሚያምን አይገኝም። ስሙን ያገኘበት ዘፈን የሚጀምረው ፈረንጆች በገና በዓል በሚዘምሩት አሮጌ መዝሙር ነው፤ መዝሙሩን ፒያኖው ያሰማና ሳያቋርጥ ሲቀጥል፥ እሷ ሌላውን ኀዘንተኛ ዘፈን በላዩ ላይ ታሳርፈዋለች። ሁለቱ አይጋጩም። በሌላ ፈጣን ዘፈን መካከል ደግሞ ድምፅዋን ታቆምና ፒያኖው ብቻውን እንደ ፉግ ባለ መንገድ ይሮጣል። ፉግ ማለት አንዱ ድምፅ ዜማውን ጀምሮ ገና ሳይጨርስ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ከኋላ ተነሥቶ የሚከተልበት፥ ሦስተኛውም የሚደርስበት የባኽ ዘመን የድርሰት ሥርዓት ነው። የከርቲስ ፈታኞች ያንን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ይህ የጸሐፊው ጥያቄ ነው እንጂ የማንም አይደለም።

እሷ ግን በሥራው አልኮራችም። ቀረጻው እንዳለቀ ወደ ፊላዴልፊያ ተመልሳ፥ ዘፈኑን ከጆሮዋ ለማውጣት ለቀናት ቤቶቨንን ስትጫወት እንደ ቆየች ጽፋለች።

ከሸክላው ውስጥ አንዱን ዘፈን፥ ከጆርጅ ገርሽዊን ኦፔራ ከፖርጊና ቤስ የተወሰደውን፥ ሲድ ማርክ የተባለ የፊላዴልፊያ ራዲዮ ሠራተኛ ወደደው። ደጋግሞ ያሰማው ጀመር። ዘፈኑ ለብቻው ታትሞ በ1959 በመላው አሜሪካ ብዙ ከተሸጡት ሃያ ዘፈኖች ውስጥ ገባ። በሃያ ስድስት ዓመቷ ስሟ ታወቀ።

እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲፈርሙ ለሚውሉ ወጣቶች የሚጠቅም ነገር አለ። ምን እንደምትዘፍን ለመወሰን ከሹሙ ጋር የተከራከረችው ልጅ ውሉን በሚገባ ሳታነብ ፈረመችው። በሸክላው ላይ ያላትን መብት ሁሉ በ3,000 ዶላር ሸጠች። ለከርቲስ ካልሆነም ለሌላ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ነው ብላ እንጂ፥ ዘፈኑ ዕድሜ ይኖረዋል ብላ አላሰበችም። እሷ በልቧ ገና ዘፋኝ አልነበረችም፤ ለማታምንበት ሥራ ዋጋ መተመን ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በ1987 ከዚያው ሸክላ ላይ አንድ ቀላል ዘፈን ሻኔል የሚባለው የሽቶ ፋብሪካ ለማስታወቂያ ወሰደው፤ በእንግሊዝ አገር ብዙ ከተሸጡት ዘፈኖች አምስተኛ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በፊት መብቱ የተሸጠ ነበርና ገንዘቡ ወደ እሷ አልመጣም። በዚያ አንድ ፊርማ ከሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳጣች ይገመታል።

ዘፋኟ ደራሲ ስትሆን

በሴፕቴምበር 12 ቀን 1959 በኒው ዮርክ ታውን ሆል በሚባለው አዳራሽ ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈልገውን የሚመስል ነገር አገኘች፤ የሚያዳምጥ ሕዝብ፥ ደህና ፒያኖና ጸጥታ። ኮልፒክስ ከሚባል ሌላ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። በ1960 በኒውፖርት የጃዝ በዓል ተጫወተች። በ1961 መጨረሻ ከሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ጠበብት ጋር ሌጎስ ሄዳ አፍሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠች። በዚያው ዓመት አገባች፥ በ1962 ሴት ልጅ ወለደች። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ቢሆንም የምትዘፍነው በአብዛኛው ሌላ ሰው የደረሰውን ነበር። የራሷ ድርሰት ጥቂት ነበረ።

ጓደኞቿ ግን ሰላም አልሰጧትም። ከነዚህም ዋናዋ ሎሬይን ሃንስበሪ ነበረች፤ በ1959 ድርሰቷ በብሮድዌይ ቲያትር በመታየቱ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነችው ጸሐፊ ናት። ሁለቱ ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ልብስ ወይም ስለ ወንድ ሳይሆን ስለ ፖለቲካ እንደ ነበር ኒና ራሷ ጽፋለች። ኒና ግን ዘፈን ሰልፍ አይደለም፥ ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ነገር የሰውን ሞት መናገር ሰውየውን ማዋረድ ነው ትል ነበር። በባኽ ያደገ ሰው ቢል አይደንቅም።

ኤፕሪል 12 ቀን 1963 በካርኒጊ አዳራሽ ተጫወተች። በአሜሪካ አንድ ፒያኒስት ከዚህ የሚበልጥ አዳራሽ አይመኝም፤ በልጅነቷ ሐዲዱን ስትሻገር ያሰበችው ይህንን ነበር። ለወላጆቿ በጻፈችው ቃል ግን፥ ካርኒጊ ደርሻለሁ፥ ነገር ግን የምጫወተው ባኽን አይደለም ብላለች። በዚያው ዕለት ማርቲን ሉተር ኪንግ በአላባማ በበርሚንግሃም ከተማ ተይዞ ታሰረ። ሃንስበሪም ስልክ ደውላ የጠየቀቻት ስለ ካርኒጊ አልነበረም፤ ስለ እስሩ ምን እያደረግሽ ነው ብላ ነው።

በጁን ወር ሜድጋር ኤቨርስ በሚሲሲፒ፥ በጃክሰን ከተማ፥ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ሴፕቴምበር 15 ቀን እሑድ ጧት ደግሞ በበርሚንግሃም በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። አራት ልጃገረዶች ሞቱ፤ ሦስቱ የአሥራ አራት፥ አንዷ የአሥራ አንድ ዓመት ነበሩ። በእንደዚያ ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስድስት ዓመቷ ፒያኖ ትጫወት የነበረች ሴት ይህን ወሬ ስትሰማ ምን እንደ ሆነች መገመት አያስቸግርም። ከቤቷ ያሉትን ብረታ ብረት ሰብስባ ጠመንጃ ልትሠራ ተቀመጠች። ባሏ አንድሩ ስትራውድ የፖሊስ መርማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ገብቶ አይቶ፥ አንቺ ስለ መግደል ምንም አታውቂም፥ ያለሽ ሙዚቃ ብቻ ነው አላት።

ከፒያኖው ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሚሲሲፒ ጎዳም የሚባለውን ዘፈን ጽፋ ተነሣች።

ዘፈኑ የሚገርም ነው። ኀዘን የሰማ ሰው ያለቅሳል፥ ዜማውንም ያዘገየዋል። እሷ ግን ዜማውን በቲያትር ቤት ለመሳቂያ እንደሚዘፈን ፈጣንና ደስተኛ አደረገችው፤ ቃሉ ግን እሳት ነው። ሰሚው በእግሩ እየመታ ጥቂት ከሄደ በኋላ ምን እየሰማ እንደ ሆነ ይገባውና እግሩ ይቆማል። ግራ እጅ አንድ፥ ቀኝ እጅ ሌላ፥ ድምፅ ደግሞ ሦስተኛ ነገር የሚናገርበት ያ የአትላንቲክ ሲቲ ብልሃት አሁን ለራሷ ቃል ዋለ። ዘፈንን ለእንዲህ ያለ ነገር ማዋል ማዋረድ ነው ስትል የነበረችው ሴት ከዚያ በኋላ ለዓመታት የምትጽፈው ይህንኑ ሆነ።

በርእሱ ውስጥ የእግዚአብሔርን ስም ለእርግማን የሚጠራ ቃል አለ። የሰባኪ ልጅ መሆኗን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቡና ቤት የዘፈነችውን ለመደበቅ ስሟን ለወጠች፤ ይህን ግን በተለወጠው ስሟ በካርኒጊ አዳራሽ፥ በማርች 1964፥ አብዛኛው ነጭ በሆነ ሕዝብ ፊት ዘፈነችው። ከዚያ የተቀረጸው በፊሊፕስ ኩባንያ በሸክላ ወጣ። በደቡብ ክፍል ብዙ የራዲዮ ጣቢያዎች አናሰማም አሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ የእርግማኑን ቃል ይጠቅሳሉ። በሳውዝ ካሮላይና አንድ ነጋዴ የተላከለትን ሸክላ ሙሉ ሣጥን መልሶ ላከው። ሣጥኑ ሲከፈት እያንዳንዱ ሸክላ ከመካከሉ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ።